አምስቱ የድንበሩ ቆዳዎች

ድንበሩ አዳሙ ግንቦት ስድስት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቆዳውን አውልቆ በበረንዳው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ግንቦት ስድስት አልሁ፤ ግንቦት ሰባት ነው። በስድስት የወንበሩን እግር ጠግኜለት ነበር። ባልጠግነው ኖሮ ቆዳው አይቀመጥም ነበር፤ ባይቀመጥ ኖሮም ገረመው አያየውም ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ከእኔ ይጀምራል።

ቆዳው የጎደለው ነገር አልነበረም። ጢሙ፣ ጥፍሮቹ፣ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ አገጩ ላይ የተረፈችው ጠባሳ፣ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ድረስ በቀጥታ መስመር ተከፍቷል፤ ሌላ እንከን አይታይበትም። ሁለቱን እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ፣ አፉን በጥቂቱ ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ደኑ አዙሮ ተቀምጧል። ድንበሩ ራሱ ከቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ፣ እስኪደርቅ ድረስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መልኩ የለጋ ሰላጣ መልክ ነበር። ልብሱ ከቆዳው ጋር ስለ ቀረ ሚስቱ ትርንጎ ነጠላዋን አልብሳዋለች። እንዴት አደርህ ብዬ ስጠይቀው ትንሽ እንደ በረደው ነገረኝ።

ከተማችን ብሳና በር ትባላለች፤ በአንድ ወገኗ አስፋልት፣ በሌላው ወገኗ ደን ነው። ድንበሩ የዚህ ደን ጠባቂ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዝግባውና በብሳናው መካከል ሲመላለስ ኖሯል፤ በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን አርፎ አያውቅም፤ ደን እሑድን ስለማያውቅ ጠባቂውም አያውቅም። እሱንም ትርንጎንም ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምሬያቸዋለሁ። እሱ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ ነበር፤ እሷ ከፊቱ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሠላሳ ልበል፤ የመጨረሻውን ዓመት ቤተ መጻሕፍት ነበርሁ።

ገረመው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። በዚያ ጠዋት ከወፍጮ ቤት ሲመለስ በድንበሩ ደጃፍ አለፈ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ አልተቻኮለም። በረንዳ ላይ ለተቀመጠው ሦስት ጊዜ ሰላምታ ሰጠ። መልስ ሲያጣ ጠጋ ብሎ ትከሻውን በጣቱ ነካው፤ ትከሻውም ወደ ውስጥ ገባ፤ ተመልሶም አልወጣም። ከዚህ በኋላ ማሰብ የገረመው ድርሻ አይደለም። ሄዶ ጥሩምባውን አመጣና ነፋ።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ የእድሩ ሰዎች ደርሰው ድንኳን መትከል ጀመሩ። ድንበሩም አባል እንደ መሆኑ መጠን ነጠላውን እንደ ለበሰ ከጓሮ ወጥቶ የመካከለኛውን ምሰሶ ያዘ። ከአዲሶቹ አባላት አንዱ፣ ሟቹ ማን እንደ ሆነ ጠየቀው።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ ድንበሩ።

ሰውየው ለማጽናናት ያህል ጥቂት ተናግሮ ገመዱን መሳቡን ቀጠለ።

የእድራችን ሊቀ መንበር ሃምሳ አለቃ ጠናጋሻው ናቸው። የመተዳደሪያ ደንቡን በገዛ እጃቸው የጻፉት እሳቸው ስለሆኑ በቃላቸው ይወጡታል። አንቀጽ ዘጠኝ፣ ድንኳን የተተከለለት አባል ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። ሃምሳ አለቃ ይህን በድንኳኑ በር ቆመው በዝግታ አነበነቡ፤ ከዚያም ቆዳው በማግስቱ እንዲቀበር፣ ትርንጎም በመበለቶች ዝርዝር እንድትገባ አዘዙ። ትርንጎ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከማድ ቤት ወጣች። ባሏ እንዳልሞተ፣ እየደረቀ እንደ ሆነ፣ ለዚህም ማስረጃው ምሰሶ ይዞ መቆሙ እንደ ሆነ አስረዳች።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ድንኳኑኮ ተተክሏል» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ይነቀላ።»

«ሦስት ቀን ሳይሞላ ነቅለን አናውቅም።»

«እኔም ባሌ ጓሮ ቆሞ ጥቁር ለብሼ አላውቅም።»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። ይህን ነገር አስተምር እንደ ነበር አስታወሱኝ፤ ሰውየው ምን እንደ ሆነና በጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደሚሞት እስከ እሑድ ድረስ በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቁኝ፤ ቀብሩም እስከዚያው እንዲቆይ አደረጉ። እሺ አልሁ። እሺ ለማለት ከተቀመጥሁበት ስነሣ በሁለት ትከሻዎቼ መካከል አሳከከኝ። የሹራቤ ሱፍ ይመስለኛል።

ወረቀቱን የጻፍሁት ድንበሩን ቀርቤ ሳልመለከት ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁትን ከጭንቅላቴ ገለበጥሁ፦ ነፍሳት አራት ደረጃ አላቸው፤ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ። እጩ ቆዳውን እየጣለ ይቆይና ሙሽሬ ይሆናል፤ ይኸውም በሽፋን ውስጥ ተኝቶ የሚያርፍበት ደረጃ ነው፤ ካረፈ በኋላ ጉልምስ ሆኖ ይነሣል። ስለዚህ፣ ብዬ ደመደምሁ፣ አቶ ድንበሩ አልሞተም፤ ገና አልተኛም።

እሑድ ጉባኤው በዚያው ድንኳን ተሰበሰበ። አርባ አንድ አባላት አሉን፤ ለምልዓተ ጉባኤ ሃያ አንድ ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ አንድ ሆነን አናውቅም። በዚያ ቀን ሃያ ነበርን። ድንበሩ ጉዳዩ የሚታየው ስለ ራሱ በመሆኑ ውጭ እንዲቆይ ተደርጓል። ሃምሳ አለቃ ቆጥረው ጨረሱና ሊበትኑን ሲሉ ዓይናቸው በአግዳሚው ጫፍ ላይ በተቀመጠው ቆዳ ላይ ዐረፈ።

«ይኼ የማነው?» አሉ።

«የአባል ነው» አለ ገረመው።

«ሰዓቱን አክብሮ ተገኝቷል?»

«ከሁላችንም ቀድሞ።»

«ሃያ አንድ» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ በደስታም ደብተራቸውን ገለጡ። እርማት፦ ደብተራቸውን ሳይሆን የእድሩን መዝገብ ነው።

የጻፍሁት ተነበበ። ብዙዎቹ የቀድሞ ተማሪዎቼ ስለ ነበሩ አራቱን ደረጃዎች እኔ ሳልጨርስ አብረውኝ ጨረሱ። ውሳኔው በሃምሳ አለቃ ቃል እንዲህ ተመዘገበ፦ በተነጠፈ አልጋ ላይ ተኝቶ እስኪነሣ ድረስ ስሙ ይቆይ፤ ይህ ካልሆነ ግን ይሰረዝ። ትርንጎ ስብሰባው ሳይበተን ወደ ቤቷ ሄደች። በመስኮቱ በኩል፣ ወደ ብሳናው የሚያሳየውን አልጋ አነጠፈች፤ ነጭ አንሶላ፣ ከሣጥን ያልወጣ ጋቢ፣ ሁለት ትራስ። ድንበሩ አልጋውን ሲያየው በጣም ደስ እንዳለውና በዚያች ዕለት ግን እንቅልፉ እንዳልመጣ ነገራት።

እንቅልፉ አልመጣም። በግንቦት አሥራ ሦስት ሁለተኛውን ቆዳ ጣለ። ገረመው አይቶ ነፋ፤ ድንኳኑም ሊነቀል ሲል ባለበት ጸና። ሃምሳ አለቃ አባላቱ በየሳምንቱ ምሰሶ ከሚሸከሙ ድንኳኑ እንዲሁ ቢቆይ ይሻላል ብለው ወሰኑ። ሁለተኛው ቆዳ ከመጀመሪያው አጠገብ ተቀመጠ፤ እግሮቹ መሬት ስለማይደርሱ ከሥሩ ጡብ ተደረገለት። ሳይንሱ፣ ነፍሳት ቆዳቸውን በጣሉ ቁጥር ያድጋሉ ይላል። ድንበሩ አነሰ፤ ቁመቱ ከጉልበቴ አይበልጥም ነበር። በዚህ ነጥብ መጽሐፉና ድንበሩ አልተስማሙም፤ እኔም በፊቴ የቆመውን አመንሁ።

እህል መብላቱን ትቶ ነበር። ትርንጎ ያቀረበችለትን ሽሮ በአክብሮት ተመልክቶ ይመልስላታል። ከአገጩ ሥር ታጥፎ የሚቀመጥ፣ እንደ እስክርቢቶ ቀፎ የቀጠነ መምጠጫ አብቅሎ ነበርና፣ በእሱ የለጋ ቅጠል ጭማቂ ይጠጣል። መጀመሪያ በደጁ ያለውን ብሳና ጀመረ። ቀጥሎ አጥሩን ተሻግሮ የሃምሳ አለቃን ጌሾ ቀመሰ። የቀመሰው ቅጠል ሁሉ በቢጫ ነጠብጣብ ተዥጎረጎረ። ሃምሳ አለቃ በሚቀጥለው እሑድ ድንበሩን በጉባኤው ፊት አስቁመው ወቀሱት።

«አንተ ሰው፣ ሞተህም ጌሾዬን አልተውህልኝም?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ለጋ ነው» አለ ድንበሩ።

ወቀሳው ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቀጠለ ከድንበሩ ጀርባ አንድ ሽታ ተነሣ። ሽታው የጤና አዳም ፍሬ ከከረመ ኮምጣጤ ጋር የተወቀጠ ያህል ነበር። አባላቱ በሥርዓት፣ ነገር ግን በፍጥነት፣ ድንኳኑን ለቀው ወጡ። ድንበሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሆን ብሎ እንዳላደረገውም ማለ። በዚህ ወገን ላይ ያለ የጀርባ ዕጢ እንደ ሆነ፣ ስድብም እንዳልሆነ ለሃምሳ አለቃ ውጭ ቆመን አስረዳኋቸው። እሳቸው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ ጉዳዩ በቃለ ጉባኤው ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንዲገባ አደረጉ።

በዚህ ወገን አልሁ። ወገኑ የትኛው እንደ ሆነ ግን ገና አላጣራሁም ነበር። በማግስቱ ማጉያ መነጽሬንና ከትምህርት ቤት ተሰጥቶኝ የወጣሁትን የነፍሳት ሣጥን ይዤ ወደ እነ ድንበሩ ቤት ሄድሁ። ተሰጥቶኝ ማለቴ ልክ አይደለም፤ ይዤው ነው የወጣሁት። ድንበሩ በጠረጴዛው ላይ ቆሞ፣ በሣጥኑ ውስጥ በመርፌ የተሰካውን አንበጣ ለብዙ ጊዜ ተመለከተው።

«መርፌው ያስፈልጋል?» አለኝ።

«ለአንተ አያስፈልግም።»

«ለእሱስ አስፈልጎት ነበር?»

እጁን እንዲያነሣ ነግሬው ሥራዬን ጀመርሁ። ከግንባሩ የወጡት አንቴናዎች ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አራት ክፍል አላቸው፤ ከአራቱ ረጅሙ ሁለተኛው ነው። በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች መካከል በሌሎች ነፍሳት ላይ የሚገኙት ነጠብጣብ ዓይኖች የሉም። መምጠጫው ሥራ ሲፈታ ወደ ኋላ ታጥፎ በእግሮቹ መካከል ያርፋል። በትከሻዎቹ ላይ ሁለት ጥቃቅን እብጠቶች ጀምረዋል፤ እነዚህ ክንፍ ይሆናሉ። እግሮቹ ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ አዲስ ናቸው። እጆቹን ከእግሮቹ ጋር ቆጥሬያቸዋለሁ፤ እሱም አልተቃወመም።

ትርንጎ በሩን ተደግፋ ስታየን ቆየችና ባሏ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ከትኋን ወገን ነው አልኋት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ባሌን ትኋን ይሉታል? በገዛ ቤቴ?»

«የአልጋ ትኋን አይደለም፤ የደን ነው። ቅጠል እንጂ ሰው አይነካም።»

ትርንጎ ጥቂት አሰበች። «ይሁን፤ እሱ ይሻላል» አለች።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ ማጉያውን ቀስ ብዬ አስቀመጥሁት። የትኋን ወገን ሙሽሬ የለውም። ይህን የማያውቅ የሳይንስ መምህር ሊኖር አይገባም፤ ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት ኖሯል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምሥለው ቢራቢሮ ብቻ ስለ ነበር ዓለሙን ሁሉ ቢራቢሮ አድርጌው ነበር።

«ድንበሩ» አልሁት፤ «ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኋችሁ ልክ አልነበረም። ቢራቢሮ ያርፋል፤ ጥንዚዛ ያርፋል፤ ንብም ታርፋለች። የአንተ ወገን አያርፍም። አምስት ጊዜ ቆዳውን ይጥላል፤ ከአምስተኛው በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይሄዳል።»

«ፈተናው ላይ ግን አራት ደረጃ ብዬ ነበር የመለስሁት።»

«ልክ ብዬህ ነበር።»

«እኔ እረፍቱን ነበር የምጠብቀው» አለ ድንበሩ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደ ተለወጠበት ሰው ነበር የተናገረው። ከዚያም ከጠረጴዛው ወርዶ ወደ ብሳናው ሄደ፤ ለመድረስም ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ትርንጎ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። ይህን ለእድሩ እናገር እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። መታረም እንዳለበት ነገርኋት።

«አይተኛም ካሉ ይሰርዙታል።»

«አዎ።»

«ሠላሳ ዓመት ስንታረም ኖረናል፤ መምህር። አንዲት ጊዜ እንኳ እርስዎ ሳይታረሙ ይቅሩ።»

ቤቴ ገብቼ እርማቱን በግልጽ ጽሕፈት ጻፍሁት፤ አጥፌም በኮቴ የውስጥ ኪስ አኖርሁት። በዚያ ኪስ ሦስት ሳምንት ቆየ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬ አላስተኛኝም፤ ሹራቡን ባወልቀውም ማሳከኩ አልተወኝም።

በግንቦት አሥራ ዘጠኝ ሦስተኛው ቆዳ ወደቀ፤ የለስላሳ ጠርሙስ ያህል ነበር። በሃያ አምስት አራተኛው፤ አውራ ጣት። በሰኔ አንድ አምስተኛው፤ ባቄላ። ገረመው ለሁሉም ነፋ፤ ለመጨረሻው ግን ባቄላ የሚመጥን ያህል ብቻ፣ በከንፈሩ ጫፍ ነበር የነፋው። አምስቱም በድንኳኑ አግዳሚ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደረደሩ፤ አምስተኛው እንዳይጠፋ በመዝገቡ ሽፋን ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሃምሳ አለቃ በየሳምንቱ አምስቱንም ይቆጥራሉ። አንድ አባል፣ ባቄላ የሚያህል ነገር እንደ ሰው መቆጠሩ አግባብ መሆኑን ጠየቀ። በደንቡ ላይ ስለ ቁመት የተጻፈ አንቀጽ የለም ብለው መለሱለት። ጌሾው ቢያናድዳቸውም ምልዓተ ጉባኤው ያስደስታቸው ነበር፤ ሁለቱን ስሜቶች ለየብቻ መያዝ የሚችሉ ሰው ናቸው።

አምስተኛው ቆዳ የወደቀ ዕለት ትርንጎ አስጠራችኝ። ድንበሩ በመዳፏ ላይ ባለው የብሳና ቅጠል ላይ ቆሞ ነበር፤ የገብስ ፍሬ ያህላል። ማጉያውን አውጥቼ ተመለከትሁት። ክንፎቹ ወጥተዋል፤ የፊተኛው ክንፍ ግማሹ ቆዳ የመሰለ ነው፤ ጫፉ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ስስ ሆኖ ወደ ታች ይታጠፋል። በክንፎቹ መጋጠሚያ፣ በጀርባው መካከል፣ ቢጫ ምልክት አለ። ጥርጥር አልነበረኝም፤ ልየታው ተጠናቋል። ማጉያውን ለትርንጎ ሰጠኋት።

«ልብ ይመስላል» አለች።

«ሦስት ማዕዘን ነው የሚባለው።»

«ልብ ነው።»

እንደገና ተመለከትሁት። ልብ ነው።

ድምፁም ቀጥኖ ስለ ነበር ትርንጎ ቅጠሉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ድንበሩ የሆነ ነገር ነገራት። ራሷን ነቀነቀች፤ መዳፏንም ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ድንበሩ ክንፎቹን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተነሣ፤ በመስኮቱ ወጣ፤ ከብሳናው ቅጠሎች መካከል ገባ። ቅጠሎቹ ብዙ ነበሩ። ምን እንዳላት ጠየቅኋት።

«አልጋውን እንዳላነሣው» አለች።

ወሬው በከተማው ተሰማ። ድንበሩ ከቤቱ ስለ ጠፋ ሃምሳ አለቃ ለእሑድ ጉባኤ ጠሩ፤ አጀንዳውም አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙ ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ። በዋዜማው፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ትርንጎ ሄድሁ። እርማቱን ከዚህ በላይ በኪሴ ልሸከመው አልቻልሁም ነበር። የአልጋውን አንሶላ ስትቀይር ደረስሁ።

«ነገ አነበዋለሁ፤ ትርንጎ» አልኋት።

«ያንብቡት» አለች፤ ቀና ሳትል። «ውሳኔው በተነጠፈ አልጋ ላይ ተኝቶ እስኪነሣ ነው የሚለው። ማን እንደሚተኛ ተጽፏል?»

አሰብሁ። አልተጻፈም ነበር፤ ይህንኑ ነገርኋት። አንሶላውን አራግባ ዘረጋችው። ድንበሩ ከእንግዲህ ስንት ሳምንት እንደሚኖር ጠየቀችኝ። አምስት፣ ቢበዛ ስድስት አልኋት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። እንቁላሉ በለጋው ቅርንጫፍ ቅርፊት ውስጥ ተሰክቶ እንደሚከርም፣ ብሳናው በሚቀጥለው ዓመት ሲያቆጠቁጥ እንደሚፈለፈል፣ በዓመትም አንድ ትውልድ ብቻ እንደ ሆነ አስረዳኋት። ይህን ስናገር በትምህርት ክፍል ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ እሷም ከፊተኛው ወንበር እንደ ድሮዋ ታዳምጠኝ ነበር።

«እንቁላሉን የሚሰካው እሱ ነው?»

«አይደለም። ሴቷ ናት።»

ትርንጎ የአንሶላውን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር አስገባች። ትራሶቹን አስተካከለች። መስኮቱን ከፈተችው።

«እንግዲያው ቶሎ መተኛት አለብኝ» አለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ደህና ይዋሉ ብላኝ በሩን ዘጋችው።

እሑድ ዐሥራ ስድስት ሰዎች መጣን፤ ከአምስቱ ቆዳዎች ጋር ሃያ አንድ ሆንን። ሃምሳ አለቃ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አስመዘገቡ። ሰውየው እንደ ተባለው ተኝቶ ተነሥቶ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ተነሣሁና እርማቱን ከኪሴ አውጥቼ አነበብሁ። ሠላሳ ዓመት ስሳሳት እንደ ኖርሁ፣ የዚህ ወገን ነፍሳት ከእንቁላል ወጥተው አምስት ጊዜ ቆዳቸውን ጥለው ሳያርፉ እንደሚጎለምሱ፣ አቶ ድንበሩም እንዳልተኛ፣ ሊተኛም እንደማይችል አነበብሁ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ወደ ስምንተኛ ክፍል ያለፈበት ውጤት በዚህ ምክንያት ይለወጥ እንደ ሆነ ጠየቀ። አይለወጥም አልሁት።

«አልተኛም ካሉ ውሳኔው ግልጽ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

አልጋው ግን ባዶ እንዳልነበረ ነገርኋቸው። ገረመው ሄዶ እንዲያይ ተላከ። ሲመለስ በሁለት እጆቹ ጋቢ ታቅፎ ነበር፤ የሚመጣውም የታጠበ ልብስ እንደሚሸከም ሰው ቀለል ብሎት ነበር። ጋቢውን ገለጠው። ትርንጎ ነበረች፤ ጸጉሯ እንደ ተጎነጎነ፣ ዓይኖቿ እንደ ተከደኑ፣ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር እንዳለ። ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ድረስ በቀጥታ መስመር ተከፍታለች። አምስት ጊዜ አልፈለገችም፤ አንድ ጊዜ በቅቷታል፤ በመካከሉም ተኝታለች። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ስለዚህ እርማቴንም ማረም ይኖርብኛል፤ የት ላይ እንደማርመው ግን ገና አላወቅሁም።

ገረመው ቆዳዋን ከመጀመሪያው ድንበሩ አጠገብ አስቀመጣትና ወደ እኔ መጣ።

«መምህር፣ ልንፋ ወይስ ይቅር?» አለኝ በዝግታ።

«ተኝታ ተነሥታለች» አልሁት። እሱም ጥሩምባውን ይዞ ከኋላዬ ቆመ።

ሃምሳ አለቃ ውሳኔውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማን እንደሚተኛ እንዳልተጻፈ እሳቸውም አዩ፤ የጻፉትም እሳቸው ስለሆኑ ተከፉ። ነገሩ ወደ ድምፅ እንዲሄድ አደረጉ፦ ድንበሩና ትርንጎ እንደ ሞቱ ተቆጥረው ከመዝገብ ይሰረዙ፣ ስድስቱም ቆዳዎች ይቀበሩ። የሚደግፍ እጁን እንዲያነሣ ጠየቁ። ስድስት እጆች ወጡ፤ አብዛኞቹ ጌሾ ያላቸው ናቸው። ሌሎቹ የድንኳኑን ጣራ ይመለከቱ ነበር። የሚቃወም እንዲያነሣ ጠየቁ።

በድንኳኑ ውስጥ ነፋስ አልነበረም። መጀመሪያ የተነሣው የትርንጎ እጅ ነበር፤ በዝግታ፣ ከጭኗ ላይ እንደ ላባ ተነሣ። ከእሷ ቀጥሎ የትልቁ ድንበሩ እጅ፤ ከዚያ ጡብ የተደረገለት፤ ከዚያ የጠርሙሱ፤ ከዚያ የአውራ ጣቱ። በመዝገቡ ሽፋን ላይ ያለውን ለማየት ማጉያ አስፈልጎኝ ነበር፤ እሱም አንሥቷል። ሃምሳ አለቃ የተማረ ሰው እንዲቆጥር ፈለጉና እኔን አዘዙኝ። ቆጠርሁ።

«ስድስት» አልሁ።

«ስድስት ለስድስት» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እኩል ከሆነ ሊቀ መንበሩ ይወስናል።»

«እርማት» አልሁ። «ሰባት ናቸው።»

ሰባተኛው እጅ የእኔ ነበር። መቼ እንዳነሣሁት አላስታውስም። ቀና ብዬ ተመለከትሁት፤ በሸራው አልፎ የሚገባው ብርሃን በጣቶቼ ውስጥም አልፎ በወረቀቱ ላይ ያርፍ ነበር። ጀርባዬ ማሳከኩን ትቷል። ጉባኤው ሁሉ ወደ እኔ ያይ ነበር። ከኋላዬ ገረመው ሦስት ጊዜ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ከዚያም ጠጋ ብሎ ትከሻዬን በጣቱ ነካው።